የዛገ ቮልስና ፊያት ፎቶ ኤዲት ሳደርግ ዝገቱ ሁሉ አንድ ብርቱካናማ እየሆነ አስቸገረኝ

ደንገል፦
ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ግቢ ለዓመታት የቆሙ ሁለት መኪናዎች፣ አንድ ሰማያዊ ቮልስና አንድ ፊያት 682 የጭነት መኪና፣ በባለቤቱ ፈቃድ አንስቻለሁ። ሣሩ እስከ ፓራፋንጎው ደርሷል፤ ከኋላ ደንገልና ሐይቁ ይታያል። ፋይሎቹ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ናቸው፤ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8። ግማሹ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሹ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል የተነሳ ነው።

ላይትሩም (የኮምፒውተር ፎቶ ማስተካከያ) ላይ ያደረግሁት፦ ቴምፕ 6500፣ ክላሪቲ 60፣ ዲሄዝ 35፣ ሻዶው 100፣ ቫይብራንስ 30፣ ሳቹሬሽን 25። ውጤቱ ግን እንዲህ ነው። ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ ዝገት ጠፍቶ ሁሉም አንድ ብርቱካናማ ሆነ፤ ፓራፋንጎው ላይ የተነሳው ቅርፊት ጭራሽ አይታይም። ሣሩ የፕላስቲክ መሰለ። የቮልሱ ጣሪያ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ወጣ። 30 በ40 ሴ.ሜ ሳሳጥበው ደግሞ ጨልሞና ቀልቶ መጣ።

ከየት ልጀምር? ስልክ ላይ በስናፕሲድ የሚሆን መላ ካለም ብትነግሩኝ፤ ሁልጊዜ ኮምፒውተር አጠገብ አይደለሁም።

ብርሃን_ለካሚ፦
ደንገል፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሺው። ችግሮቹ ብዙ ቢመስሉም ዋናው አንድ ነው፤ ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናል ይሠራል፣ ከእነሱ ቀዩ ጣሪያ ነክቷል።

ዝገት ሰማያዊ ብርሃንን ውጦ ቀዩን ይመልሳል። ፀሐይ ያረፈበት ዝገት ላይ ቀዩ ጣሪያ ሲነካ ሰማያዊው ወለል ላይ ይቀራል። አጠቃላይ ኤክስፖዠሩ ደህና ይመስላል፣ ሂስቶግራሙም (የብርሃን ስርጭት ግራፉ) መሃል ላይ ነው፣ ቀዩ ግን አልቋል። ቢጫ ዝገትን ከቀይ ዝገት የሚለየው በቀዩና በአረንጓዴው ቻናል መካከል ያለው ርቀት ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ከተጣበቀ ያ ርቀት ይበላሻል፣ ሁሉም ወደ አንድ ብርቱካናማ ይጠቀለላል። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ስትጨምሪ ቀዩን ወደ ላይ፣ ሰማያዊውን ወደ ታች ስለሚገፋ ይህንኑ ያባብሰዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሂስቶግራሙ ቀኝ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀይ ሆና ከበራች ያለቀው ቀዩ ብቻ ነው። ማውሱን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፊና ከሂስቶግራሙ ሥር ያሉትን መቶኛዎች አንብቢ። ለምሳሌ ቀይ 99፣ አረንጓዴ 46፣ ሰማያዊ 8 የሚል ካየሽ እዚያ ቦታ ላይ ክላሪቲ የሚያወጣው ዝርዝር የለም። በጣም ብሩህ የሆነው ዝገት ላይ ቀዩ ከ90 እንዳያልፍ አድርጊ።

አሁን በተራ እንሂድ። መጀመሪያ ፕሮፋይል፣ ማለትም ላይትሩም የፋይሉን ቀለም የሚተረጉምበት መነሻ። ላይትሩም ሮው ሲከፍት «አዶቢ ከለር» ላይ ያደርገዋል፤ እሱ ገና ምንም ሳትነኪ ኮንትራስትና ሳቹሬሽን ይጨምራል። «አዶቢ ኒውትራል» አድርጊው። ፎቶው የሞተ ይመስላል፣ አትደንግጪ። አለቀ ያልሽው ቀይ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ብቻ ይመለሳል፤ ያለቀው ፕሮፋይሉ ሲገፋው ነው እንጂ ፋይሉ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ዋይት ባላንስ፣ ቴምፕ የሚለው የብርሃን ቀለም ማስተካከያ። 6500 ለቀን 6 ሰዓት ፀሐይ በዛ። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ከ5200 እስከ 5500 ይበቃል። ኦቶው በተቃራኒው ነው የሚሳሳተው፤ ፍሬሙን የሞላውን ብርቱካናማ የብርሃኑ ቀለም መስሎት ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል፣ ዝገቱም ሐምራዊ ግራጫ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ሌላ ሒሳብ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ጥላው በጣም ሰማያዊ ነው። ያንን ጥላ ብቻ በማስክ (የተመረጠ ቦታን ብቻ መንኪያ) ይዘሽ ቴምፑን ከ10 እስከ 15 ጨምሪለት እንጂ ሙሉውን ፎቶ አታሙቂ። ደግሞ ጎማው ጥቁር ነው ብለሽ የዋይት ባላንስ መምረጫውን እሱ ላይ እንዳትጫኚ፤ ፀሐይ የበላው ጎማ ቡናማ ነው።

ከዚያ ኤክስፖዠር 0.3 ዝቅ፣ ሃይላይት ከ40 እስከ 50 ዝቅ፣ ሻዶው ቢበዛ 30። ሻዶው 100 ላይ ከቸርኬው ጀርባ የሚወጣው ሐምራዊ ነጠብጣብ ኖይዝ ነው፤ ዝገት ላይ ሰማያዊው ቻናል ከመጀመሪያውም ባዶ ነው፣ ጥላውን ስታነሺው የሚነሳው እሱ ነው። ያንን ለማጥፋት ከለር ኖይዝን 60 ብታደርጊ ደግሞ ጥቃቅን የዝገት ቀለሞችን አብሮ ይልሳቸዋል። 25 ላይ ተይው።

ቀለም የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳቹሬሽን አትጨምሪ፣ ቀለሞቹን አራርቂያቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የመጣው «ፖይንት ከለር» ማስክ ውስጥም ስለሚሠራ ለዚህ ይመቻል። ዝገቱን ብቻ ማስክ አድርጊ፤ ከቢጫው ቦታ አንድ ናሙና ውሰጂና ሂዩውን (የቀለሙን ዓይነት) ወደ ቢጫ ትንሽ፣ ብርሃኑን 10 ከፍ። ከቀዩ ቦታ ሌላ ናሙና፤ ሂዩውን ወደ ቀይ ትንሽ፣ ብርሃኑን 10 ዝቅ። መካከል ላይ ያለውን ብርቱካናማ ሳቹሬሽኑን 10 ቀንሺለት። አጠቃላይ ሳቹሬሽኑ ከነበረው ያነሰ ሆኖ ፎቶው ግን የበለጠ ባለ ቀለም ይመስላል።

ፈጣን_ጣት፦
ኧረ ወገን፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ አሮጌ ቮልስ? ስናፕሲድ፣ ኤችዲአር ስኬፕ፣ ኔቸር፣ 50። ከዚያ ዲቴይልስ ውስጥ ገብተሽ ስትራክቸር 40። በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ላይክም ያመጣል።

ባትላሜራ፦
ላይኩን ያመጣል፣ ብረቱን ግን ያጠፋዋል። ኤችዲአር ስኬፕ የሚያደርገው ጥቁሩን አንስቶ ነጩን አውርዶ ሁሉንም እኩል ማድረግ ነው። የዛገ ላሜራ የሚያምረው ግን ቀዳዳው ጥቁር፣ ጠርዙ ብሩህ ሲሆን ነው። እኩል ከሆነ ቀዳዳውም ነጠብጣብ ይመስላል።

እኔ ስለ ላሜራው ልናገር፤ ሶፍትዌሩን ለእናንተ። ብዙ ፎቶ ላይ የሚታየው ጥፋት ኤዲት የሚያደርገው ሰው የቱ ዝገት፣ የቱ አንቲረስት፣ የቱ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም ማቅላቱ ነው።

አዲስ ዝገት ደማቅ ብርቱካናማ ነው፣ ዱቄት ይመስላል። የሚገኘው ውኃ በቅርቡ በተኛበት ነው፤ ከበር ሥር፣ ከጣሪያው የውኃ ቦይ ላይ፣ ከብሎን ዙሪያ። ከብሎን ተነስቶ ቀለሙ ላይ ወደ ታች የሚወርደው ሽንትር ወደ ቢጫ ቡናማ ያደላል፤ እሱ ራሱ የበሰበሰ ብረት ሳይሆን በውኃ ተሸክሞ የወረደ እድፍ ነው፣ ስለዚህ ምንም ሸካራነት የለውም። አሮጌ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፣ በንብርብር ይነሳል፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ፣ ብረቱን ተጠግቶ፣ ጥቁር የሆነ ንብርብር ይታያል። ኬሚስቶቹ ቢጫ ቡናማውን ጎታይት፣ ቀዩን ሄማታይት፣ ጥቁሩን ማግኔታይት ይሉታል። ሦስቱም የብረት ኦክሳይድ ቤተሰብ ናቸው፣ ቀለማቸው ግን ለየብቻ ነው። እነዚህን አንድ ማድረግ ማለት የመኪናውን ዕድሜ መደምሰስ ነው።

አንቲረስት ደግሞ አለ። ቀለሙ በተላጠበት ዙሪያ የጡብ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ንጣፍ ካየሽ ዝገት አይደለም፣ ከቀለሙ በታች የተቀባው መከላከያ ነው። እሱ ላይ ቴክስቸር ብትጨምሪ የምታገኚው ኖይዝ ብቻ ነው። ከዝገት ማስኩ አውጪው፤ ለስላሳነቱ አጠገቡ ያለውን ዝገት ሸካራ ያስመስለዋል። ስቱኮ አይዝግም፣ ይሰነጠቃል፤ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ክሬም ሆኖ ይቀር። አሉሚኒየም የሆነው ጌጥ ነጭ ዱቄት ያወጣል እንጂ አይቀላም፤ በብሩሽ ብርቱካናማ ያደረገ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። የፓራውልቱ ክሮም ሰማዩን ነው የሚያሳየው፤ ሰማያዊ ይሁን፣ ዝገቱ እሱ ላይ በጥቃቅን ነጥብ ይውጣ።

ቮልስ ላይ ቅርፊት የምትፈልጊ ከሆነ ከበሩ ሥር መርገጫው ዳር ያለውን ቦይ፣ ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር በብሎን የሚታሰርበትን መስመርና ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እዪ። ሌላው ቦታ ብዙውን ጊዜ የላይ ላዩን ነው። ፊያት 682 አፍንጫ የለውም፣ ካቢኑ ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ላይ ከፓራብሬዛው ጎማ ሥርና ከመውጫ ደረጃው ጀምሪ።

ጥላ፦
ጋሼ ባትላሜራ ያሉትን ይዤ ስለ ማስኩና ስለ ሣሩ ልጨምር።

ሣር አረንጓዴ ነው ብለሽ አረንጓዴውን ስላይደር ብትስቢ ብዙም አይነቃነቅም። የሣርና የደንገል ቀለም አብዛኛው ላይትሩም ቢጫ ብሎ በሚጠራው ክልል ውስጥ ነው። ቢጫውን ስትስቢ ግን ቢጫው ዝገትም አብሮት ይሄዳል። በዛገ መኪና ፎቶ ላይ በአጠቃላዩ ከለር ሚክሰር (እያንዳንዱን ቀለም በሙሉው ፎቶ ላይ የሚቀይረው) መሥራት የማይመከረው ለዚህ ነው። ሁለቱ በማስክ ይለያዩ።

አንደኛው ማስክ፦ «ኦብጀክት» በሚለው መኪናውን ምረጪ። በላዩ «ኢንተርሴክት» (ሁለቱ ምርጫዎች የሚጋሩት ቦታ ብቻ) ብለሽ «ከለር ሬንጅ» ጨምሪ፣ ጠብታውን አንድ ነጥብ ላይ አትጫኚ፣ ዝገቱ ላይ ሳጥን ሳዪበት፤ ከጨለማው እስከ ብሩሁ ያለውን አብሮ ይይዝልሻል። «ሪፋይን» ከ35 እስከ 45። ኢንተርሴክቱ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ መሬቱ፣ የደረቀው ሣርና በፍሬሙ ውስጥ ያለ የሰው ፊት ሁሉ በዚያው የቀለም ክልል ስለሚገኝ አብሮ ይያዛል። አንቲረስቱን በብሩሽ «ሰብትራክት» አድርጊ። እዚህ ማስክ ላይ ቴክስቸር 25፣ ክላሪቲ ከ10 አይበልጥ። በ2019 እ.ኤ.አ. የመጣው ቴክስቸር የሚነካው መካከለኛ ዝርዝሩን ነው፣ የዝገት ቅርፊት መጠኑ እዚያ ላይ ይወድቃል። ክላሪቲ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ስለሚሠራ ላሜራውን ያቆሽሸዋል እንጂ ቅርፊቱን አያነሳውም።

ሁለተኛው ማስክ፦ ሣሩ። ሳቹሬሽን 20 ዝቅ፣ በፖይንት ከለር ሂዩውን ወደ ቢጫ ትንሽ፣ ኤክስፖዠር 0.3 ዝቅ። ክረምት ላይ የተነሳ ከሆነ ይሄ ይበቃል። ጥርና የካቲት ላይ ግን ሣሩ ደርቆ ገለባ ስለሚሆን ከዝገቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ያኔ ሣሩን ቴምፕ 8 ዝቅ፣ ኤክስፖዠር 0.4 ዝቅ አድርገሽ ወደ ኋላ ግፊው። መስከረም ላይ ያነሳ ሰው ደግሞ የአደይ አበባው ቢጫ ከዝገቱ በላይ ጮኾ ዓይን ይሰርቀዋል፤ ሳቹሬሽኑን ሳይሆን ብርሃኑን ቀንስ።

ጣሪያው ላይ ያለው ነጭ መስመር ከክላሪቲ 60 የመጣ ነው። ክላሪቲ ጨለማና ብርሃን በሚዋሰኑበት ጠርዝ ላይ ሁለቱን በሰፊው ይገፋቸዋል፤ ጨለማ ጣሪያ ከብሩህ ሐይቅ ጋር ሲገናኝ መስመሩ አይቀርም። ክላሪቲው ዝገቱ ላይ ብቻ ከሆነና ማስኩ ከጣሪያው ጠርዝ ትንሽ ገባ ካለ ይጠፋል። ዲሄዝ 35ም ይውጣ። ጠዋት ሐይቁ ላይ የሚተኛው ጭጋግ ለዚህ ፎቶ ወዳጅ ነው፣ መኪናውን ከኋላው የሚለየው እሱ ነው። እሱን ገፈሽ ደንገሉን አንድ በአንድ ብታሳዪ መኪናው መሃል ይጠፋል። እንዲያውም ዳራው ላይ ዲሄዝ 10 ዝቅ አድርጊ።

ሻርፕን ለማድረግ አማውንት 50፣ ሬዲየስ 0.8፣ ዲቴይል 40፤ «ማስኪንግ»ን ኦልት ተጭነሽ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ሳቢው። ዝገት በራሱ ሸካራ ስለሆነ ከዚህ በላይ ካደረግሽ አሸዋ ይመስላል።

ደንገል፦
ፕሮፋይሉን ቀይሬ ቀዩ ከ99 ወደ 91 ወረደ፣ ቅርፊቱም መታየት ጀመረ። ግን የቀን 6 ሰዓቶቹ ፎቶዎች አሁንም ጠፍጣፋ ናቸው። ኤዲት የሚያድናቸው ናቸው ወይስ ልድገማቸው?

ጀንበር፦
ብትደግሚ ይሻላል። ቅርፊት የሚታየው ጥላ ሲጥል ነው፤ ጥላ የሚጥለው ደግሞ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጣሪያውና የፊት ክዳኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጎኑ ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል።

የባሕር ዳርን አቀማመጥ አስቢው። ከተማዋ የሐይቁ ደቡብ ዳር ላይ ናት፤ ሐይቁን ዳራ ካደረግሽ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው። ጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ እኩለ ቀን ላይ ከጀርባሽ ሆና ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ይሄ ለዝገት ከሁሉ የባሰው ብርሃን ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያኔ ሐይቁን ዳራ ካደረግሽ በስተጀርባው ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩልና ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ነው። ወርቃማ የሚሉት ብርሃን እዚህ አጭር ነው፤ ከምድር ወገብ ብዙም ስላልራቅን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ ለመውረድ ከ25 ደቂቃ ብዙም አይፈጅባትም። ትሪፖዱን ቀድመሽ ትከይ። የ12 ሰዓቶቹ ፋይሎችሽ ላይ ደግሞ ቴምፑን አታሙቂ፣ ብርሃኑ ራሱ ሞቅ ያለ ነው።

ከዝናብ በኋላ ከደረስሽ የተሻለ። እርጥብ ዝገት ይጠቁራል፣ ቀለሙም ይጠልቃል፤ ውኃው ላይ ላዩን የሚበተነውን ነጭ ብርሃን ስለሚቀንስ ነው። ያኔ ሳቹሬሽን መንካት አያስፈልግሽም። ደመና ያለበት ክረምት ቀንም ጥሩ ነው፣ ቀዩ ቻናል አይሞላም፤ ቅርፊቱ ግን ይለሰልሳል።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካለሽ አድርጊ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ግማሹ ነው። የቅጠል፣ የመስኮት መስታወትና የእርጥብ ቀለም ነጸብራቅ ይቀንሳል። ክሮም ላይ ግን ከብረት የሚመለስ ነጸብራቅ ስለሆነ ምንም አያደርግም። መስታወቱን ለማጥራት ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ከመስታወቱ ገጽ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ በሰያፍ ስትሆኚ ነው የሚሠራው። ስታነሺ ሂስቶግራሙን በአርጂቢ (ሦስቱን ቻናል ለየብቻ) አድርጊውና ቀዩን ብቻ እዪ፤ ሌላው ጨለማ ቢመስልም ቀዩ እንዳይሞላ አድርጊ። አይኤስኦ 100 ሮው ሁለት ስቶፕ ያህል ማንሳት ይችላል።

ፈጣን_ጣት፦
ሦስት ፎቶ በተለያየ ኤክስፖዠር አንስቶ መቀላቀልስ?

ጀንበር፦
የካቢኑን ውስጥና ሰማዩን አብረሽ ልታሳዪ ካልሆነ አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ደንገሉ ስለሚወዛወዝ በሦስቱ ፍሬሞች ቦታው ይለያያል፣ ሲቀላቀል መንፈስ ይመስላል። ግድ ከሆነ በሁለት ስቶፕ ልዩነት ሦስት፣ «ዲጎስት» ሎው።

ባትላሜራ፦
ሰማያዊ ቀለሙን ረሳችሁት። ፀሐይ የበላው የቮልስ ቀለም ላዩ ኖራ የመሰለ ይሆናል፣ ወደ ነጭ ይሄዳል። ሰማያዊውን ሳቹሬሽን ጎትቶ አዲስ ማድረግ ዝገቱን የውሸት ያስመስለዋል፤ አዲስ ቀለም ያለው መኪና እንዲህ አይበሰብስም።

ብርሃን_ለካሚ፦
ትክክል። ሰማያዊውን ሳቹሬሽኑን ሳይሆን ብርሃኑን 5 ያህል ብቻ ዝቅ አድርጊ፣ ከዝገቱ ጋር ያለው ተቃርኖ በቂ ነው። ጥቁርና ነጭ ለማድረግ ካሰብሽም ይኸው ተቃርኖ ነው የሚሠራልሽ። ቢ ኤንድ ደብልዩ ሚክስ ውስጥ ብርቱካናማ 25 ዝቅ፣ ቀይ 15 ዝቅ፣ ሰማያዊ 15 ከፍ፤ ዝገቱ ይጠቁራል፣ አሮጌው ቀለም ይነጣል፣ የተላጠበት ድንበር ጎልቶ ይወጣል። በተቃራኒው ብርቱካናማውን ከፍ ካደረግሽ ዝገቱ ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ መኪናው የታመመ አይመስልም። ከ40 በላይ ዝቅ ግን አትበዪ፤ ኖይዝ ያለበት ሰማያዊ ቻናል ነው የሚወጣው።

ጥላ፦
ስናፕሲድ ለጠየቅሽው። ስልኩ ዲኤንጂ (ሮው ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ በዲኤንጂ አንሺ። ጄፔግ የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ ዝርዝር አንሶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ጥቃቅኑ ቢጫና ቀይ ዝገት እዚያው ይቀላቀላል። ዲኤንጂው ሲከፈት «ዲቨሎፕ» ይመጣል፤ ሃይላይት 30 ዝቅ፣ ሳቹሬሽን 10 ዝቅ። ቀጥሎ «ሴሌክቲቭ»፤ ነጥቡን ቢጫው ዝገት ላይ አሳርፊ፣ በሁለት ጣት ክቡን አጥብቢ፣ ብራይትነስ 15። ሌላ ነጥብ ጨለማው ላይ፣ ብራይትነስ 10 ዝቅ፣ ስትራክቸር 20። ሣሩ ላይ ሦስተኛ ነጥብ፣ ሳቹሬሽን 30 ዝቅ። ከዚያ «ዲቴይልስ» ስትራክቸር 20 አድርገሽ «ቪው ኤዲትስ» ውስጥ ግቢ፣ የዲቴይልሱን እርምጃ ከፍተሽ በብሩሽ መኪናው ላይ ብቻ ቀቢው። ሐይቁና ሰማዩ እንዳለ ይቀራል። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጨምቆ ያንኑ የደከምሽበትን ቅርፊት ነው መጀመሪያ የሚበላው።

ማተሚያ_ክፍል፦
ስለ ሕትመቱ። መጨለሙና መቅላቱ የተለያየ ምክንያት አላቸው።

የጨለመው ስክሪንሽ በጣም ብሩህ ስለሆነ ነው። ክፍሉ ውስጥ በመስኮት ብርሃን ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዢ፤ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍተሽ ስክሪኑ ከወረቀቱ ጋር እስኪመጣጠን ብራይትነሱን ቀንሺ። መለኪያ ላለው ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ነው። የቀላው ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች ወደ ሰማያዊ ስለሚያደሉ ነው፤ አንቺ ስክሪኑን ለማካካስ ታሞቂዋለሽ፣ ወረቀቱ ላይ ያ ሙቀት ቀይ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ 6500ና ሳቹሬሽን 25 ተጨምሮበታል። ናይት ላይት በርቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው የተገላቢጦሽ ሰማያዊ ሕትመት ነው የሚያገኘው።

ላይትሩም ላይ ዲቨሎፕ ውስጥ ኤስ ስትጫኚ «ሶፍት ፕሩፍ» (ሕትመቱ ምን እንደሚመስል ማሳያ) ይመጣል። ፎቶ ቤቱ የወረቀቱን ፕሮፋይል ከሰጠሽ እሱን ጫኚ፤ ካልሰጠሽ በኤስአርጂቢ (በተለመደው የስክሪን የቀለም ክልል) እዪው፣ ከክልል የወጣውን ብርቱካናማ ምልክት ያደርግልሻል። ያንን ቦታ ብቻ ሳቹሬሽኑን ቀንሺ። ኤክስፖርት ስታደርጊ ኤስአርጂቢ፣ ጄፔግ ኳሊቲ 90 ወይም በላይ። አዶቢ አርጂቢ አድርገሽ ብትልኪና ማሽኑ ፕሮፋይል የማያነብ ከሆነ ዝገቱ ይሞታል።

ፎቶ ቤቱን «ኦቶ ኮሬክሽን አጥፉልኝ» በያቸው። ማሽኑ ፍሬሙን የሞላ ብርቱካናማ ሲያይ ስህተት መስሎት ያስተካክለዋል፣ ሰማዩ ወደ ሲያን (አረንጓዴ ሰማያዊ) ይሄድብሻል። ትልቁን ከማሳጠብሽ በፊት ፓራፋንጎውን ብቻ በትልቁ ሕትመት መጠን ቆርጠሽ 10 በ15 አሳጥቢ፣ በቀን ብርሃን እዪው። ከጨለመ ስክሪኑን ሳይሆን ፋይሉን 0.2 ወይም 0.3 ከፍ አድርጊ።

ወረቀት፦ ለዝገት ማት ወይም ሉስተር ይሻላል። ግሎሲ ጥቁሩን ያጠልቀዋል፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን መስኮቱን ነው የሚያሳየው። ማት ላይ ጥቁሩ ፈዘዝ ብሎ ስለሚወጣ የጥቁሩን ነጥብ 5 ያህል ዝቅ አድርጊለት።

ደንገል፦
30 በ40ው ግራና ቀኙ ተቆርጦብኝ ነበር፤ የፊያቱ መውጫ ደረጃ ጠፋ። ሳይቆረጥ የሚሆንበት መንገድ አለ?

ማተሚያ_ክፍል፦
ካሜራሽ 3 ለ2 ነው፣ 30 በ40 ደግሞ 4 ለ3። 6000 በ4000 የሆነው ፋይል ወደ 5333 በ4000 ይቆረጣል። 30 በ45 አሳጥቢው፣ ምንም አይቆረጥም፤ ጥራቱም 339 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፍ ነጥብ) ገደማ ይሆናል፣ ከበቂ በላይ ነው። ፍሬሙን አስቀድመሽ በ30 በ40 ካሠራሽው ደግሞ ፋይሉን 40 በ26.7 አድርገሽ ላይና ታች ነጭ ህዳግ ተዪለት፤ ፎቶ ቤቱ «ፊል» (ቆርጦ መሙላት) ሳይሆን «ፊት» (ሳይቆርጡ ማስገባት) ብሎ እንዲያትመው ንገሪያቸው።